ሥራ የፈቱ ሞተሮችና ወዳጆቻቸው

ቋሚ ሞተር የሚባለው በአንድ ስፍራ ተተክሎ፣ ወይም በጋሪ ተጭኖ ወደ ሥራው ቦታ ከተወሰደ በኋላ ባለበት ቆሞ፣ ሌላ መሣሪያ የሚያንቀሳቅስ ሞተር ነው። እንደ መኪና ሞተር ራሱን ይዞ አይጓዝም፤ ጉልበቱን በቺንጋ፣ በጥርስ ወይም በዘንግ አማካይነት ለውኃ መሳቢያ፣ ለእህል ወፍጮ፣ ለመውቂያ፣ ለእንጨት መሰንጠቂያ ወይም ለዲናሞ ያስተላልፋል። ከ18ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ በብሪታንያ፣ በቀሪው አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከማዕድን ጉድጓድ ውኃ ሲቀዳ፣ የፋብሪካ ዘንግ ሲዞር፣ ኋላም የገበሬው እህል ሲፈጭ የኖረው በአመዛኙ በዚህ ዓይነቱ ሞተር ነበር። የኤሌክትሪክ መስመር በየመንደሩ ሲዘረጋ ሞተሩ ሥራ ፈታ፤ ከዚያ በኋላ ግን ማንም ያላቀደለት ሁለተኛ ዘመን ጀመረለት፤ ይኸውም ያረጀውን ሞተር ፈልጎ የመግዛት፣ ዝገቱን አራግፎ የመጠገንና እንደገና አስነሥቶ የማሳየት የትርፍ ጊዜ ሙያ ነው። የዚህ ሙያ ታሪክ ሲመረመር ግዙፎቹ ሞተሮች የተረፉት በማኅበራትና በሙዚየሞች ጥረት ሲሆን፣ ትንንሾቹን ያቆያቸው ግን በመጀመሪያ የባለቤቶቻቸው ቸልታ፣ ቀጥሎም ጥገናውን በገዛ እጃቸው የተማሩ ተራ ሰዎች ትጋት መሆኑ ይታያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከእንፋሎት ወደ ጋዝ

የቋሚ ሞተር ታሪክ የሚጀምረው ከማዕድን ጉድጓድ አፍ ነው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች እየጠለቁ በሄዱ ቁጥር ከሥር የሚመነጨው ውኃ ሥራውን ያስተጓጉል ጀመር። በ1712 ቶማስ ኒውኮመን የተባለ የዳርትመዝ ብረታ ብረት ነጋዴ በመካከለኛው እንግሊዝ በደድሊ ግንብ አቅራቢያ የተከለው ሞተር ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆነ። አሠራሩም እንዲህ ነበር፦ ከማፍያው የሚወጣው እንፋሎት ሲሊንደሩን ከሞላ በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ ይረጭበታል፤ እንፋሎቱ ወደ ውኃነት ሲመለስ በሲሊንደሩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል፤ በዚህ ጊዜ የውጭው አየር ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ከፒስተኑ ጋር የተያያዘው ታላቅ ጋድም ምሰሶም በሌላው ጫፉ የውኃ መሳቢያውን ዘንግ ያነሣል። ሞተሩ የሚበላው ከሰል እጅግ ብዙ ስለ ነበር ከከሰል ጉድጓድ ርቆ ሊሠራ የሚችለው በከባድ ወጪ ብቻ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት በ1769 የፈጠራ መብት ያገኘበት ማሻሻያ እንፋሎቱ በራሱ በሲሊንደሩ ውስጥ ሳይሆን በተለየ ዕቃ እንዲቀዘቅዝ በማድረግ የነዳጁን ፍጆታ በእጅጉ ቀነሰው፤ ዋት በ1775 ከበርሚንግሃሙ ባለ ፋብሪካ ከማቲው ቦልተን ጋር ከተሻረከ በኋላም የእንፋሎት ሞተር ከማዕድን ጉድጓድ ወጥቶ ወደ ፋብሪካዎች ገባ።

ይሁን እንጂ የእንፋሎት ሞተር የባለጠጋ ንብረት ሆኖ ቀጠለ። ማፍያ፣ ጭስ ማውጫ፣ እሳት የሚያነድ ሠራተኛና የራሱ ቤት ያስፈልገው ስለ ነበር፣ ለአንድ አናጺ ወይም ለአንድ አታሚ የሚሆን አልነበረም። ይህን ክፍተት ለመሙላት በ1860 በፓሪስ ይኖር የነበረው ኤቲየን ሌኗር ለከተማ መብራት ይቀርብ በነበረው የከሰል ጋዝ የሚሠራ ሞተር አወጣ፤ ጋዙ የሚቃጠለው በዚያው በሲሊንደሩ ውስጥ ስለ ሆነ ማፍያ አላስፈለገውም። በኮሎኝ ከተማ ኒኮላውስ ኦቶና ኦይገን ላንገን በ1864 አብረው ያቋቋሙት ድርጅት ከሌኗር ሞተር እጅግ ባነሰ ጋዝ የሚሠራ ሞተር ይዞ በ1867 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ከዚያም በ1876 ኦቶ እስከ ዛሬ ድረስ የአብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች መሠረት የሆነውን ባለ አራት ምት አሠራር በተግባር አዋለ። በዚህ አሠራር ፒስተኑ በመጀመሪያው ምት የጋዝና የአየር ድብልቅ ይስባል፣ በሁለተኛው ድብልቁን ያምቀዋል፣ በሦስተኛው ድብልቁ ተቃጥሎ ፒስተኑን ይገፋዋል፣ በአራተኛው ጭሱ ይወጣል፤ ከአራቱ ምቶች ጉልበት የሚሰጠው አንዱ ብቻ ስለ ሆነ፣ ቀሪዎቹን ሦስቱን የሚያሻግር ቮላኖ፣ ማለትም ዙሩን ጠብቆ የሚያቆይ ከባድ የብረት መንኮራኩር፣ አስፈላጊ ሆነ። ሰብሳቢዎች ዛሬ ከሩቅ የሚለዩት የቋሚ ሞተር መልክ፣ አንድ ሲሊንደርና በግራ ቀኙ ሁለት ታላላቅ ቮላኖዎች፣ የዚህ አሠራር ቀጥተኛ ውጤት ነው።

በብሪታንያ የኦቶን ሞተሮች የመሥራት መብት የነበረው በማንቸስተር የነበረው የክሮስሊ ወንድማማቾች ፋብሪካ ነበር። በ1886 ግን የጀርመን ፍርድ ቤት፣ ፈረንሳዊው አልፎንስ ቦ ደ ሮሻ ስለ አራቱ ምቶች ሐሳብ በ1862 አስቀድሞ ጽፎ ስለ ነበር፣ የኦቶን የፈጠራ መብት ዋና አንቀጽ ሻረው። የዚህ ውሳኔ ውጤት ከፍርድ ቤቱ አልፎ ሰፊ ሆነ፤ አሠራሩ በጀርመን የማንም የግል ንብረት አለመሆኑ ስለ ተረጋገጠ፣ በመጀመሪያ በዚያ፣ ቀስ በቀስም በየአገሩ ያሉ የእርሻ መሣሪያ ሠሪዎችና ብረት አቅላጮች የየራሳቸውን ሞተር ማውጣት ጀመሩ። በኋለኛው ዘመን ለሰብሳቢዎች የተረፈው የሞተር ዓይነት እጅግ የበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ሞተሩ ወደ ገበሬው ደጅ

የከሰል ጋዝ የሚገኘው ቧንቧ በተዘረጋባቸው ከተሞች ብቻ ስለ ነበር፣ ሞተሩን ወደ ገጠር ያወጡት ፈሳሽ ነዳጆች ናቸው። እንግሊዛዊው ኸርበርት አክሮይድ ስቱዋርት በ1890 የፈጠራ መብት ያገኘበትን ሞተር የግራንተም ከተማው የሪቻርድ ሆርንስቢ ፋብሪካ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለገበያ አቀረበው። ይህ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ከሲሊንደሩ ኋላ ያለው ክፍል በነበልባል ለጥቂት ደቂቃዎች እንዲግል ከተደረገ በኋላ የሚረጭበት ዘይት በግለቱ ይቀጣጠላል፤ ሥራ ከጀመረ ወዲያ የራሱ ቃጠሎ ክፍሉን እንደጋለ ያቆየዋል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል በበኩሉ አየርን ብቻ በኃይል አምቆ በማጋል ነዳጁ በገባ ቅጽበት እንዲቀጣጠል የማድረግ ሐሳቡን በ1893 የፈጠራ መብት አግኝቶበት፣ በ1897 በአውግስቡርግ በተደረገ ይፋዊ ሙከራ ከነዳጁ ኃይል 26 ከመቶ ያህሉን ወደ ሥራ መለወጥ የቻለ ሞተር አሳየ። የዲዝል ሞተር ግን ለረጅም ጊዜ ግዙፍና ውድ ሆኖ በመቆየቱ፣ በ20ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት የገበሬው ሞተር የሆነው በቤንዚንና በላምባ የሚሠራው ትንሽ ሞተር ነበር።

የዚህ ሞተር ታላቅ ገበያ የአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ ነበር። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር፣ ከ1914 ጀምሮ ዜድ የተባለውን ሞዴል ያወጣው ፌርባንክስ ሞርስ፣ እንዲሁም በአዮዋ የነበረውን የዋተርሉ የቤንዚን ሞተር ኩባንያ በ1918 የገዛውና ከ1923 እስከ 1946 ድረስ ኢ የተባለውን ሞዴል የሠራው ጆን ዲር በዚህ ገበያ ስማቸው የታወቀ ነው። የጆን ዲሩ ሞተር 1.5፣ 3 ወይም 6 የፈረስ ጉልበት ባላቸው ሦስት መጠኖች ይሸጥ ነበር። ከእነዚህ ሞተሮች አብዛኞቹ ፍጥነታቸውን የሚቆጣጠሩበት ስልት ዛሬ ሰብሳቢዎችን ከምንም በላይ የሚማርካቸው ስለ ሆነ በዝርዝር መታየት ይገባዋል። የሞተሩ ፍጥነት ከተወሰነለት መጠን ሲያልፍ በቮላኖው ላይ የታሰሩት ክብደቶች ወደ ውጭ ይበተናሉ፤ እነርሱ የሚገፉት ዘንግ የጭስ ማውጫውን ቫልቭ ክፍት እንደ ሆነ ይይዘዋል። የነዳጅ ማስገቢያው ቫልቭ በቀጭን ሞላ የተዘጋና በፒስተኑ ስበት ብቻ የሚከፈት ስለ ሆነ፣ የጭስ ማውጫው ክፍት በሆነበት ጊዜ ስበት አይኖርም፤ ስበት ከሌለ ነዳጅ አይገባም፤ ነዳጅ ካልገባ ቃጠሎ የለም። ሞተሩ በቮላኖው ክብደት ብቻ እየተሽከረከረ ቀስ በቀስ ሲደክም ክብደቶቹ ይሰበሰባሉ፣ ቫልቩ ይለቀቃል፣ ነዳጅ ገብቶ አንድ ጊዜ ይተኩሳል፤ ከዚያም ተመልሶ ዝም ይላል። ሥራ ሲበዛበት ተኩሱ ይደጋገማል፣ ሥራ ሲያንስ ይራራቃል፤ ስለዚህ ልማድ ያለው ገበሬ ሞተሩን ሳያይ ከድምፁ ብቻ ጭነቱን ያውቅ ነበር።

ማቀዝቀዣውም እንዲሁ ቀላል ነበር፤ በሲሊንደሩ ዙሪያ አብሮ የተቀረጸ አፉ ክፍት የሆነ የውኃ ገንዳ አለ፤ ውኃው እየፈላና እየተነነ ግለቱን ይወስዳል፤ የገበሬው ሥራ የጎደለውን መሙላት ብቻ ነው። በብርድ ወቅት ውኃውን ሳያወጣ ያደረ ግን ዋጋውን ይከፍል ነበር፤ ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 ከመቶ ገደማ ስለሚጨምር የገንዳውን ግድግዳ ይሰነጥቀዋል። ይህ ስንጥቅ ዛሬም በየስብስቡ ከሚታዩት የተለመዱ ጉዳቶች አንዱ ነው።

በብሪታንያ ይህን ሚና ከያዙት መካከል በ1867 በግሎስተርሸር ደርስሊ ከተማ የተመሠረተው የሊስተር ፋብሪካና የዮቪል ከተማው የፔተር ፋብሪካ ይገኙበታል። ሊስተር ከ1926 ጀምሮ የሠራው ዲ የተባለ ትንሽ የቤንዚን ሞተር በየእርሻው የወተት ማለቢያና የውኃ መሳቢያ ሲያንቀሳቅስ አርባ ዓመት ያህል በምርት ላይ ቆይቶ፣ ቁጥሩ ሩብ ሚሊዮን ገደማ እንደ ደረሰ ይነገራል። ከ1930 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ፋብሪካው ያለ ማሞቂያ በእጅ ማኒቬላ ብቻ የሚነሣ፣ በዝግታ የሚዞር የናፍጣ ሞተር አወጣ። ከዚህ ሞተር ሞዴሎች አንዱ በደቂቃ 650 ዙር እየዞረ 6 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። የዚህ ሞተር ዕድሜ ከቤንዚኑ ወንድሙ እጅግ ረዘመ፤ በሕንድ ጉጅራት ግዛት በራጅኮት ከተማ ያሉ ወርክሾፖች ቅጂውን እየሠሩ ወደ እስያና ወደ አፍሪካ ላኩት። በኢትዮጵያ የገጠር ከተሞችና የገበያ ስፍራዎች እህል ያስፈጨ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ በቺንጋ የሚዞረው የናፍጣ ወፍጮም የሚሠራው በዚሁ የቋሚ ሞተር ሥርዓት ነው። ሞተሩ እንጀራ በሚያበላበት አገር ሰብሳቢ አይነሣለትም፤ መካኒክ ነው የሚያስፈልገው። የመሰብሰቡ ታሪክ የሚጀምረው ሞተሩ ከሥራ በተፈናቀለበት ስፍራ ነው።

የኤሌክትሪክ መስመር ሲደርስ

በአሜሪካ መፈናቀሉ የመጣው በመንግሥት ፖሊሲ ነበር። በ1935 የኤሌክትሪክ ኃይል ያገኙት ከአሥር የአሜሪካ እርሻዎች አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደርን አቋቋሙ፤ በተከታዩ ዓመት የወጣው ሕግም ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የረጅም ጊዜ ብድር ፈቀደላቸው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከእርሻዎቹ እጅግ የሚበዙት መብራት አግኝተው ነበር። በብሪታንያም የኤሌክትሪክ አቅርቦቱ በ1948 በመንግሥት እጅ ከገባ በኋላ መስመሩ ወደ ገጠሩ በስፋት ተዘረጋ። ማብሪያ ማጥፊያ ሲነካ የሚነሣ ሞተር እያለ፣ በብርድ ጧት ማኒቬላ የሚያዞር ገበሬ አልተገኘም።

ከሥራ የወጡት ሞተሮች ዕጣ በሁለት ተከፈለ። የመጀመሪያው ዕጣ መቅለጥ ነበር፤ በተለይም አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከገባች በኋላ በ1942 በተካሄደው አገር አቀፍ የቁርጥራጭ ብረት ዘመቻ፣ በየእርሻው የቆሙ አሮጌ መሣሪያዎች ለጦር መሣሪያ ጥሬ ዕቃነት በብዛት ተሰበሰቡ። ሁለተኛው ዕጣ መረሳት ነበር። ሦስትና አራት ሰው ካልተረዳዳ የማይነሣ፣ ቢሸጥም ከማጓጓዣው የማይተርፍ ዋጋ የሚያወጣ ብረት ከጎተራው ጥግ የሚነቀልበት ምክንያት አልነበረም፤ ስለዚህ አቧራና የወፍ ኩስ እየለበሰ፣ ወይም ጓሮ ወድቆ ዛፍ በመካከሉ እየበቀለበት ቀረ። ከአቅላጩ ምድጃ ያመለጡት በአብዛኛው እነዚህ የተረሱት ናቸው።

አስቀድመው የዳኑት ታላላቆቹ

የመጀመሪያዎቹ ጠባቂዎች ዓይናቸውን የጣሉት በትንሹ የገበሬ ሞተር ላይ አልነበረም። በ1920 በብሪታንያ በኒውኮመን ስም የተሰየመው የምሕንድስና ታሪክ ማኅበር የተቋቋመው ጥናት ለማካሄድ ነበር። ሄንሪ ፎርድ በ1920ዎቹ መጨረሻ በሚሺጋን ዲርቦርን ላቋቋመው ሙዚየም፣ በእንግሊዝ በአሽተን አንደር ላይን አጠገብ ሜዳ ላይ ቆሞ የነበረውን በ1760 አካባቢ የተሠራ የኒውኮመን ዓይነት ሞተር አስፈትቶ ባሕር አሻገረው። በ1935 ደግሞ በዚያው በእንግሊዝ በኮርንዎል፣ አትላንቲክ ውቅያኖስን በሚመለከት ገደል ላይ የነበረውና ከሌቫንት ማዕድን ጉድጓድ የመዳብና የቆርቆሮ ድንጋይ ያወጣ የነበረው የ1840 የእንፋሎት ሞተር ለቁርጥራጭ ብረት ሊሸጥ ሲል፣ እርሱን ለማዳን አንድ ኮሚቴ ተቋቋመ። ይህ ሞተር ከብዙ ዓመታት ዝምታ በኋላ በበጎ ፈቃደኞች ተጠግኖ በ1993 እንደገና በእንፋሎት ዞሯል። በኔዘርላንድም የሃርለም ሐይቅን ለማድረቅ ከተተከሉት ሦስት ሞተሮች አንዱ የሆነው፣ የሲሊንደሩ ስፋት 3.66 ሜትር የሚደርሰው የክሩኪየስ ሞተር፣ በ1930ዎቹ ሥራ ሲያቆም በሙዚየምነት ተጠብቆ ቀረ።

ከጦርነቱ በኋላ የተጀመሩት የእንፋሎት ትርኢቶች ሥራውን ከምሁራን እጅ አውጥተው ለሕዝብ አደረሱት። በ1948 በፔንሲልቬንያ ኪንዘርስ፣ በ1950 በአዮዋ ማውንት ፕሌዘንት የድሮ መውቂያ ማሽኖች ወዳጆች ማኅበር መሥርተው ዓመታዊ ትርኢት ማካሄድ ጀመሩ። በዚያው በ1950 በእንግሊዝ አፕልፎርድ መንደር በእንፋሎት እየተጓዘ ሸክም የሚጎትት የእንፋሎት ጎታች ያላቸው ሁለት ሰዎች በአንድ በርሜል ቢራ ተወራርደው ያደረጉት እሽቅድምድም የተመልካች ቀልብ ስቦ በየዓመቱ የሚደገም ሆነ፤ በ1954ም ብሔራዊ የእንፋሎት ጎታቾች ክበብ ተቋቋመ። በእነዚህ ትርኢቶች ላይ ትንንሾቹ ቋሚ ሞተሮች መጀመሪያ የታዩት በዳር ነበር፤ ገበሬው ጎታቹን ሊያይ ሲመጣ ከጎተራው ያወጣውን የአባቱን ሞተር በተጎታች ጋሪ ጭኖ ይመጣና በሜዳው ጠርዝ ያስነሣዋል። ይህ የዳር ትርኢት የኋላውን ሙያ ጠባይ ወሰነው፤ የእንፋሎት ጎታች ለመግዛት ሀብት፣ ለማስቀመጥም ሰፊ መጋዘን ሲጠይቅ፣ ትንሹ ሞተር ግን ከአንድ ደመወዝተኛ ኪስ ተገዝቶ፣ ከአንድ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተጠግኖ፣ በቤተሰብ መኪና ተጎትቶ ለትርኢት ይደርስ ነበር።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ትንሹ ሞተር ከዳር ወደ መካከል ገባ። በአሜሪካ ለጋዝና ለቤንዚን ሞተሮች ብቻ የቆመ መጽሔት በ1966 መታተም ጀመረ፤ በብሪታንያም በ1970ዎቹ ተመሳሳይ መጽሔት ወጣ። በ1969 የተጀመረው የዶርሴት ታላቅ የእንፋሎት ትርኢት ለቋሚ ሞተሮች የተለየ መስመር ሰጣቸው። በእነዚሁ ዓመታት ግዙፎቹም ወደ ሥራ ተመልሰዋል፤ በእንግሊዝ በክሮፍተን ለቦይ ውኃ ያነሣ የነበረው የ1812 የቦልተንና ዋት ሞተር በ1970፣ የለንደኑ የኪው ብሪጅ የውኃ ጣቢያ ሞተሮች ከ1975 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች እጅ ለሕዝብ መታየት ጀመሩ። በ1983 የታተመው የቻርልስ ዌንደል መጽሐፍ ከ1872 ጀምሮ በአሜሪካ የተሠሩትን የቤንዚን ሞተሮች በፋብሪካቸው ስም ተራ ሰብስቦ በማቅረቡ፣ ስሙ የተፋቀ ሞተር ይዞ የሚቸገር ሰው ሁሉ የሚያመሳክርበት መዝገብ ሆነ። በ1985 በፔንሲልቬንያ የተመሠረተው የኩልስፕሪንግ የኃይል ሙዚየም በበኩሉ በነዳጅ ጉድጓዶች ላይ ይሠሩ የነበሩትን ታላላቅ የጋዝ ሞተሮች ሰብስቦ፣ ሲሠሩ ለማሳየት በቃ፤ በእንግሊዝ የፖይንተኑ የአንሰን ሙዚየምም ይህንኑ መንገድ ተከተለ።

ጥገናው በእጅ ሲሠራ

ሙያው ሲስፋፋ ጥገናው ራሱን የቻለ ሥርዓት እየያዘ መጣ። ልማድ ያለው ሰብሳቢ ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት ሞተሩን ከየአቅጣጫው ፎቶ ያነሣዋል፤ ከዚያም የፋብሪካውን ቁጥር ይፈልጋል፤ ቁጥሩ በናስ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ፣ ወይም በቮላኖው ዘንግ ጫፍ ተመትቶ ይገኝ ይሆናል። የፋብሪካው የሽያጭ መዝገብ ተርፎ ከሆነ ይህ ቁጥር ሞተሩ መቼ እንደ ተሠራና ለማን እንደ ተላከ ይናገራል። የመጀመሪያው ቀለም በቅባት ዝቃጭ ሥር ተደብቆ ሊገኝ ስለሚችል፣ ገና ከጅምሩ በብረት ብሩሽ ማሸት እንደ ስሕተት ይቆጠራል።

ከሁሉ የሚከብደው የተጣበቀውን ፒስተን ማላቀቅ ነው። ዝገት ከተፈጠረበት ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ፣ ፒስተኑንና በዙሪያው ያሉትን ፋሻዎች ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ቆልፎ ይይዛቸዋል። በችኮላ በመዶሻ የሚመታ ሰው በቅርጽ ተጥሎ የተሠራውን ብረት ይሰብረዋል። ትዕግሥተኛው ግን ሰርጎ የሚገባ ቀጭን ዘይት እያፈሰሰ ሳምንታት ይጠብቃል፤ ሲሊንደሩን ከውጭ በመጠኑ ያሞቀዋል፤ በመጨረሻም ከፒስተኑ ስፋት ጋር የተስተካከለ ጠንካራ እንጨት አስደግፎ በክሪክ ቀስ እያለ ይገፋዋል። ለተነቀሉት የብረት ክፍሎች ደግሞ በኤሌክትሪክ ዝገት የማስለቀቅ ዘዴ እየተለመደ መጣ፦ ክፍሉ የልብስ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ተነክሮ ከባትሪ መሙያው ኔጌቲቭ ጋር፣ ከጎኑ የተነከረ ቁራጭ ብረት ከፖዘቲቩ ጋር ሲያያዝ፣ ዝገቱ ጤነኛውን ብረት ሳይጎዳ ይለቃል። ለፖዘቲቩ የማይዝግ ብረት መጠቀም ግን መርዛማ የክሮሚየም ውሕድ ስለሚያወጣ የተከለከለ ነው።

በብርድ የተሰነጠቀ ገንዳ መጠገን የራሱ ጥንቃቄ አለው። ይህ ዓይነቱ ብረት ብዙ ካርቦን ስላለበት እንደ ተራ ብረት በችኮላ ከተበየደ፣ የተበየደው ስፍራ ፈጥኖ ሲቀዘቅዝ ደርቆ እንደገና ከአጠገቡ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ መላው ክፍል ቀስ ብሎ እንዲሞቅ፣ በኒኬል ዘንግ እንዲበየድና ለብዙ ሰዓታት እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል። አንዳንዶች ጭራሽ እሳት ሳያስነኩ ስንጥቁን በብረት ቁልፎች ቀዝቃዛውን እንዳለ ይሰፉታል።

የአሮጌ ሞተር ኩሽኔታ በአብዛኛው የሚሠራው ከቆርቆሮ፣ ከአንቲሞኒና ከመዳብ ቅይጥ፣ በተለምዶ ነጭ ብረት ከሚባለው ነው፤ በ1839 አሜሪካዊው አይዛክ ባቢት የፈጠራ መብት ባገኘበት ኩሽኔታ ምክንያት ቅይጡ በእርሱ ስም ይጠራል። ያለቀውን ለመተካት አሮጌው ቀልጦ ይወጣል፤ ዘንጉ በትክክለኛ ቦታው ይታሰርና ቅይጡ እንዳይጣበቅበት በነበልባል ጥላሸት ይቀባል፤ ክፍተቶቹ በጭቃ ይደፈናሉ፤ ከዚያም የቀለጠው ቅይጥ እጅ ሳይቋረጥ በአንድ ጊዜ ይፈስሳል። አንዲት የእርጥበት ጠብታ ብትኖር ድንገት ወደ እንፋሎት ተለውጣ የቀለጠውን ብረት በሠራተኛው ፊት ላይ ልትረጨው ስለምትችል፣ ዕቃው ሁሉ አስቀድሞ ይሞቃል። ከቀዘቀዘ በኋላ ዘንጉ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ይዞራል፤ ቀለሙ የነካው ከፍ ያለ ቦታ እየተፋቀ፣ ንክኪው በሁሉም ስፍራ እኩል እስኪሆን ድረስ ሥራው ይደጋገማል። የዚህ ዓይነቱ ሥራ በፋብሪካዎች በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ እየቀረ ስለ ሄደ፣ ብዙዎቹ ሰብሳቢዎች የተማሩት ከጡረተኛ ሠራተኞችና ከድሮ መመሪያዎች ነው።

የማስነሣቱ ሥርዓትም ይወረሳል። ማኒቬላውን የሚይዝ ሰው አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን እንዲያደርግ ይነገረዋል፤ ሞተሩ ጊዜውን ሳይጠብቅ ተኩሶ ወደ ኋላ ቢመታ፣ እጀታውን የጨበጠ አውራ ጣት ይሰበራል።

ክርክሩና ውርሱ

ከ1980ዎቹ ወዲህ በሙያው ውስጥ ጎልቶ የወጣው ክርክር የጥገናን ልክ የሚመለከት ነው። በአንደኛው ወገን ያሉት ሞተሩን እስከ መጨረሻው ብሎን ፈትተው፣ ናሱን እንደ መስተዋት አንጸባርቀው፣ ፋብሪካው እንኳ ያልሰጠውን የቀለም ውበት ይሰጡታል። ሌሎቹ ደግሞ ዝገቱ እንዲቆም፣ ሞተሩም በደኅና እንዲዞር ከማድረግ አልፈው አይነኩትም፤ የደበዘዘው ቀለም፣ በቺንጋ የተበላው ዳርና ገበሬው በሽቦ ያሰረው ሞላ የሞተሩ የሥራ ታሪክ ናቸው፣ አንዴ ከተፋቁም አይመለሱም ይላሉ። ይህ ሁለተኛው አስተሳሰብ ከጊዜ ወደ ጊዜ ደጋፊ እያገኘ ሄዷል፤ ሳይነካ የተረፈ ሞተር እየጠፋ ሲሄድም በገበያ ላይ ቀለም ከለበሰው ይልቅ የሚፈለግበት ጊዜ መጥቷል።

የቅርቡ ዘመን ችግሮች ሌላ ዓይነት ናቸው። በብሪታንያ ከ2021 መስከረም ጀምሮ መደበኛው ቤንዚን እስከ 10 ከመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት በመሆኑ፣ ውኃ የሚስበው ይህ አልኮል ለረጅም ጊዜ በሚቆሙ ሞተሮች ታንከርና ካርቡራቶር ላይ ጉዳት ያስከትላል፤ ስለዚህ ሰብሳቢዎች ከትርኢት በኋላ ነዳጁን ማንጠፍ ልማድ አድርገውታል። የዶርሴቱ ትርኢት በ2023 በወጪ መናር ምክንያት ሳይካሄድ ቀረ። ከሁሉ የሚከብደው ግን የወራሽ ጉዳይ ነው፤ ሞተሩን ከአባቱ እርሻ የሚያስታውሰው ትውልድ እያለፈ ነው፤ ተከታዩ ትውልድ ሞተሩን ያወቀው ከትርኢት ሜዳ እንጂ ከሥራ አይደለም። ክበቦች ወጣቶችን ለመሳብ የሚጥሩት ስብስቡ ወደ ሌላ እጅ እንዲሻገር ብቻ ብለው አይደለም፤ ኩሽኔታ የሚያፈስስና በድምፅ ብቻ የቫልቭ ሰዓት የሚያስተካክል ሰው ከሌለ፣ የተጠበቀው ሞተር ቀለም የተቀባ ብረት ብቻ ሆኖ እንደሚቀር ያውቃሉ።

በዚህ ረገድ የሊስተር ናፍጣ ሞተር ታሪክ ሁለቱን ዓለሞች ያገናኛል። የደርስሊው ፋብሪካ ማምረቱን ካቆመ በኋላ፣ ሞተሩ ገና በሚሠራባቸው አገሮች ለገበያ የሚቀርቡት የራጅኮት መለዋወጫዎች ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ሰብሳቢዎችም ደርሰዋል። በአንዱ አገር ፋሻ መለወጥና ቫልቭ መሞረድ የወፍጮ ቤት መካኒክ የዕለት ሥራ ነው፤ በሌላው አገር ያንኑ ሥራ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የሚያከናውነው መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ ወይም ጡረተኛ ነው። ሙያውን በመጀመሪያው አገር ያቆየው ኑሮ ሲሆን በሁለተኛው ያቆየው ፍቅር ነው፤ ሞተሩ በሁለቱም ዘንድ እስከ ዛሬ የሚነሣው ግን ዕውቀቱ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉን ስላላቋረጠ ነው።